አንድ ኢንዱስትሪ ለምን በአንድ አካባቢ እንደተሰባሰበ እንዴት ማጣራት ይቻላል?

ገንዘቡን በማምረቻ ሥራ ላይ ሊያውል ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው መሬት የት እንደሚገኝና የግብር እፎይታው ለስንት ዓመት እንደሚቆይ ነው። ከዚህ በፊት ግን መልስ የሚሻው ጥያቄ፣ በዚያ ሥራ የተሰማሩት ሰዎች አሁን ባሉበት ቦታ ለምን ተሰባሰቡ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የዕቃውን ጠባይ በወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ጥሬ ዕቃው ከባድ ነው ወይስ ቀላል? ቶሎ ይበላሻል ወይስ ይቆያል? ሸንኮራ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ በፍጥነት ስለሚቀንስ ፋብሪካው ከማሳው ሊርቅ አይችልም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካም የተተከለው በአዋሽ ወንዝ ከሚለማው የአገዳ ማሳ አጠገብ ነው። ጽጌረዳ ደግሞ ሁለት ጌቶች አሉት፤ እነሱም የቦታው ከፍታና አውሮፕላኑ ናቸው። ባቱ (ዝዋይ) በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አበባው ቶሎ ይደርሳል፤ ሆለታ ግን ወደ 2,400 ሜትር ስለምትጠጋ አበባው ቢዘገይም እምቡጡ ይተልቃል፣ ዘንጉም ይረዝማል። ሁለቱም ቦታዎች ምርታቸውን በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ለማድረስ ይችላሉ።

የማጓጓዣ ወጪውን ከትራንዚተር (የዕቃ ማጓጓዝና የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ይጠይቁ፤ በጥናት ሰነድ ላይ የሰፈረ ዋጋ ቶሎ ያረጃል።

አስቸጋሪው ሥራ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ኢንዱስትሪውን ወደ ቦታው ያመጣውን ምክንያት፣ ዛሬ እዚያው ይዞት ከቆየው ምክንያት መለየት። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲዱ የሐረርን ዳገት ሳይወጣ በሥሩ እንዲያልፍ በመደረጉ ነው። ባቡሩ ከጊዜ በኋላ ቢዳከምም በዙሪያዋ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ በባቡሩ ዘመን የተተከሉት ፋብሪካዎችና ሙያውን የለመደው ሠራተኛ ግን በቦታቸው ቀሩ። መርካቶ ውስጥ ያሉትን ጫማ ሠሪዎች ብናይ ደግሞ ምንም ዓይነት የተፈጥሮ ሀብት አልሰበሰባቸውም። ቆዳው፣ ገበሩ፣ ሶሉ፣ ማስቲሹ፣ የስፌት መኪና ጠጋኙና በዱቤ የሚረከበው ነጋዴ በጥቂት መንገዶች ውስጥ ስለሚገኙ፣ ከመካከላቸው ርካሽ ቦታ አግኝቶ ርቆ የሄደ ሠሪ በኪራይ ያተረፈውን በምልልስ ሊያጣው ይችላል።

ሐዋሳ ሌላ መልክ አላት። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ አምራቾችን የሳበው በተዘጋጀ ሼድ፣ በዝቅተኛ ደመወዝና ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ በሚያስገባው በአጎዋ ነበር፤ ጨርቁና ቁልፉ ግን በአመዛኙ ከውጭ ይመጣ ነበር። በ2021 መጨረሻ፣ የአገሪቱ ጦርነት በተባባሰበት ወቅት፣ ከዋነኞቹ ባለሀብቶች አንዱ የሆነው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የአጎዋ ዕድል ታገደ። ፓርኩ ባይዘጋም፣ በውሳኔ የተሰጠ ጥቅም በውሳኔ እንደሚነሳ በግልጽ ታይቷል።

ስለዚህ የዘረዘሩትን ምክንያት አንድ በአንድ እየሰረዙ፣ ይህ ባይኖር እነዚህ አምራቾች እዚህ ይቆዩ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ሥራ የማስተዋወቂያ በራሪ ጽሑፎችን አልመክርም፤ የሚሰጠውን እንጂ ሊቀር የሚችለውን አይዘረዝሩምና። የቀረጥና የግብር ጥቅሙ ሲሰረዝ በዝርዝሩ ላይ የሚቀር ነገር ከሌለ፣ ሥራው ጥቅሙ በሚጸናበት ጊዜ ውስጥ ወጪውን መመለስ መቻሉን ማስላት ግድ ይሆናል። ብዙ የሚቀር ከሆነ ግን መሬቱ ውድ ቢሆንም ቦታው ሊያዋጣ ይችላል።

በመጨረሻ ቦታው ድረስ ይሂዱ። ማሽን ሲሰበር ማን እንደሚጠግን፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣና ለመድረስ ምን ያህል እንደሚቆይ በሥራው ላይ ያሉትን ይጠይቁ። ከዚያም ሠራተኞቹን ስለ ቤት ኪራይ ያነጋግሩ። በሐዋሳ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ደመወዛቸው ለኪራይና ለምግብ ስላልበቃቸው ሥራውን ትተው ሄደዋል፤ የሰለጠነ ሠራተኛ በየጊዜው መተካት ደግሞ በርካሽ ጉልበት የተገኘውን ትርፍ ይበላል። እርስዎ በመረጡት ቦታም ኪራዩ የደመወዙን ግማሽ የሚወስድ ከሆነ፣ የሠራተኛ መኖሪያ ወይም የሰርቪስ ወጪ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ ይግባ።