አንብቤ ገብቶኝ ፈተና ላይ የሚጠፋብኝ ባዮሎጂ፦ ችግርና መፍትሄ

ባዮሎጂ ላይ ጥያቄ ስትሳሳቱ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድነው? አብዛኛው ሰው ወደ ቻፕተሩ ተመልሶ ከ ሀ እስከ ፐ ያነበዋል። እኔም እንደዛ ነበርኩ፣ ፍሬሽማን እያለሁ ስለ ሴል ያለውን ቻፕተር አራቴ አንብቤ ኩዊዙ ላይ ግማሹን ሳትኩት። በኋላ ሌሎችን ማስጠናት ስጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ጭራሽ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ ቦታውን ቀድሞ የያዘ ሌላ ሀሳብ ስላለ ነው፣ ያ ሀሳብ እስካልተነቀለ ድረስ አዲሱ ቢነበብ ቢነበብ ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምልክቶች እዩና የናንተ የሆነው ጋር ቁሙ፣ ያልሆነውን ዝለሉት።

"ሳነበው ሁሉም ገብቶኝ ነበር፣ ወረቀቱ ሲመጣ ባዶ ሆንኩ"

ምክንያቱ፦ ገጹን ስታዩት ለይታችሁታል እንጂ ከጭንቅላታችሁ አላወጣችሁትም። አንድን ሰው መንገድ ላይ አይታችሁ "አውቀዋለሁ" ማለትና መልኩን በቃላችሁ መሳል እኩል አይደለም አይደል? ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች በ2006 ይሄን ሞክረውት ነበር፣ ተማሪዎቹ አንዱን ጽሁፍ ደግመው እንዲያነቡት ሌላውን ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ጽሁፍ በለጠ፣ 81 ፐርሰንት ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፣ የተነበበው 42 ላይ ወረደ በቃላቸው የጻፉት 56 ላይ ቆየ። ማታውን ስታነቡ "ገብቶኛል" የሚል ስሜት የሚሰማችሁ ያ የ5 ደቂቃው ነገር ነው እንግዲህ።

መፍትሄው፦ መጽሐፉን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት አውጡ፣ የምታስታውሱትን ሳሉ ጻፉ፣ ከዛ ከፍታችሁ የጎደለውን በቀይ ሙሉት። አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ የማስጠናቸውን ሁሌ የማደርጋቸው ነው፦ ቃሉን ሳትጠሩ አስረዱት። ኦስሞሲስ (ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ መሄዱ)፣ ሜምብሬን (ያ ስስ ሽፋን)፣ ኮንሰንትሬሽን (የመብዛትና የማነስ መጠን) የሚሉትን ሳትጠቀሙ ኦስሞሲስ ምን እንደሆነ ንገሩኝ ስላቸው ግማሹ ዝም ይላል፣ ያቺ ዝምታ ናት የችግሩ ቦታ።

"ኦስሞሲስ ላይ አቅጣጫው ሁሌ ይገለበጥብኛል"

ይሄ የ"ኮንሰንትሬሽን" ጣጣ ነው። መጽሐፉ አንዴ ስለ ውሃው መጠን ያወራል አንዴ ስለሟሟው ነገር፣ ተማሪው ደግሞ "ከብዙ ወደ ትንሽ" የምትል አረፍተ ነገር ብቻ ይዞ ይመጣል። የምን ብዙ? ብትሉት አያውቀውም።

ጥያቄውን ስታገኙ ማሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ጻፉ፣ ውስጥ ያለው ሶልዩት (የሟሟው ነገር) ስንት ነው፣ ውጭ ያለውስ ስንት ነው። ከዛ ቀስቱን ወደ ትልቁ ቁጥር ሳሉት፣ ውሃው ወደዛ ነው የሚሄደው። በቃ። ስኳር የማያሳልፍ ከረጢት ውስጥ 5 ፐርሰንት ስኳር አለ፣ ከረጢቱ 10 ፐርሰንት ስኳር ባለበት ቢከር ውስጥ ገብቷል፣ ምን ይሆናል? 10 ይበልጣል፣ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የከረጢቱ ክብደት ይቀንሳል። ሃይፐርቶኒክ (ሶልዩቱ የበዛበት) ሃይፖቶኒክ (ያነሰበት) የሚሉት ስሞች ከቀስቱ በኋላ ይምጡ፣ ከስሙ ከጀመራችሁ ትጠፋላችሁ፣ ምክንያቱም "ሃይፐርቶኒክ ነው" ሲባል ሴሉ ነው ወይስ ያለበት ውሃ የሚለው ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው።

ራሳችሁን ፈትኑበት፦ ቀይ የደም ሴልና የእጽዋት ሴል ሁለቱም ዲስቲልድ ውሃ (ምንም ያልሟሟበት) ውስጥ ገቡ። ውሃ ወደ ሁለቱም ይገባል፣ ቀዩ የደም ሴል ይፈነዳል፣ የእጽዋቱ ግን ሴል ዎል (ጠንካራ ግድግዳ) ስላለው ይወጠርና ይቆማል። 0.9 ፐርሰንት የጨው ውሃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ የደም ሴሉ ምንም አይሆንም፣ እዚህ ጋ "ውሃው መንቀሳቀሱን አቆመ" ካላችሁ ስታችኋል፣ ውሃው ይገባል ይወጣል፣ የገባውና የወጣው እኩል ስለሆነ ነው ለውጥ የማይታየው።

"ሚቶሲስና ሚዮሲስ ስማቸውን በቅደም ተከተል አውቃለሁ፣ ክሮሞዞም ቁጠር ሲሉኝ ግን አልችልም"

ይሄ ከሁሉም ብዙ ሰው የሚጥል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሁለቱም የሴል ክፍፍል ናቸው፣ ሚቶሲስ ተራው፣ ሚዮሲስ የዘር ሴል የሚሰራበት፣ ክሮሞዞም ደግሞ ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ነው። ፕሮፌዝ ሜታፌዝ አናፌዝ ቴሎፌዝ ብሎ መሸምደድ እንደ ግጥም ነው፣ ማንም ይችለዋል፣ ጥያቄው ግን ስለስሙ አይጠይቅም፣ "በዚህ ሰዓት ሴሉ ውስጥ ስንት ክሮሞዞም ስንት ክሮማቲድ አለ" ነው የሚለው።

ምክንያቱ ሁለት ነገር መቀላቀል ነው። አንደኛው እህትማማች ክሮማቲድ፣ እነዚህ ዲኤንኤው ሲባዛ የወጡ ፎቶኮፒዎች ናቸው፣ ሴንትሮሜር በሚባል ነጥብ ላይ ተያይዘዋል። ሁለተኛው ሆሞሎገስ ጥንድ፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት የመጣ፣ ስለ አንድ አይነት ነገር የሚያወሩ ግን ቃል በቃል አንድ ያልሆኑ። ፎቶኮፒና ጥንድ። ሁለቱም "ሁለት ሁለት" ስለሆኑ ጭንቅላታችን አንድ ያደርጋቸዋል።

መፍትሄው ቆጠራው ላይ አንድ ህግ መያዝ ነው፦ ክሮሞዞም የሚቆጠረው በሴንትሮሜር ነው። አንድ ሴንትሮሜር እስካለ ድረስ ክንዱ ድርብ ቢሆንም ነጠላ ቢሆንም አንድ ነው። አሁን የሰውን ሴል ውሰዱ፣ 46 አለው። ዲኤንኤው ተባዛ፣ ስንት ሆነ? አሁንም 46፣ ክሮማቲዱ ግን 92። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "92 ክሮሞዞም" ይላል። በሚቶሲስ አናፌዝ ላይ ፎቶኮፒዎቹ ሲላቀቁ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሴንትሮሜር ይይዛል፣ ያኔ ነው ለጥቂት ጊዜ 92 ክሮሞዞም የሚሆነው፣ ሴሉ ሲከፈል ደግሞ 46 46።

ሚዮሲስ ላይ ደግሞ ይቺን ያዙ፣ የመጀመሪያው ክፍፍል ጥንዶቹን ያለያያል፣ ሁለተኛው ፎቶኮፒዎቹን። ስለዚህ ከሚዮሲስ አንድ በኋላ እያንዳንዱ ሴል 23 ክሮሞዞም አለው ግን 46 ክሮማቲድ፣ ከሁለት በኋላ 23 ብቻ። ቁጥሩ በግማሽ የሚወርደው የመጀመሪያው ላይ ነው፣ ሁለተኛው ላይ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ስሩት፣ ሰማያዊ ከአባት ቀይ ከእናት፣ በ46 አይደለም እብድ እንዳትሆኑ፣ በ4 ጀምሩ። ከዛ ራሳችሁን በ8 ፈትኑ። ክሮሞዞሙ 8 የሆነ ሴል ሚዮሲስ አንድን ጨረሰ፣ አንዱ ሴል ውስጥ ስንት ክሮሞዞም ስንት ክሮማቲድ? 4 እና 8 ካላችሁ ይሄን ክፍል ጨርሳችኋል።

"እጽዋት ፎቶሲንተሲስ ይሰራሉ እንስሳት ይተነፍሳሉ"

ይሄን በሙሉ ልብ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፣ ጥፋቱ ደግሞ የተማሪው ብቻ አይመስለኝም፣ ሁለቱ ሁሌ ጎን ለጎን እንደ ተቃራኒ ነው የሚሳሉት። እጽዋትም ማይቶኮንድሪያ (ሪስፓይሬሽን የሚካሄድበት የሴል ክፍል) አላቸው፣ ቀንም ሌሊትም ሪስፓይሬሽን ይሰራሉ፣ በፎቶሲንተሲስ የሰሩትን ስኳር ወደ ኤቲፒ (ሴሉ የሚጠቀምበት ጉልበት) የሚቀይሩት በሱ ነው።

ከስሩ ያለው ሌላ ሀሳብ ደግሞ "ተክል ምግቡን ከአፈር ይወስዳል" የሚለው ነው። ቫን ሄልሞንት የሚባል ሰው በ1600ዎቹ ይሄን ለማየት የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ውስጥ ተክሎ 5 አመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ወደ 74 ኪሎ ጨመረ፣ ከአፈሩ የጎደለው 57 ግራም አካባቢ ነበር። እሱ ክብደቱ ከውሃ መጣ ብሎ ደመደመ፣ አፈሩን ነጻ በማውጣቱ ልክ ነበር፣ ዋናውን ግን አላገኘውም፣ የዛፉ ደረቅ ክብደት አብዛኛው የመጣው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግንዱ አየር ነበር ማለት ነው፣ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ገብቷችሁ እንደሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም፦ እኩል የሚመዝኑ ሶስት ቡድን ዘሮች አሉ። አንዱ ደረቁን ተቀመጠ፣ አንዱ ውሃና ብርሃን አገኘ፣ አንዱ ውሃ አግኝቶ ጨለማ ውስጥ በቀለ። ከሳምንት በላይ ቆይተው ሁሉም ደርቀው ተመዘኑ፣ ትንሹ ክብደት የማን ነው? ብዙ ሰው ያልበቀለው ይላል፣ "አላደገማ" ብሎ። መልሱ ጨለማ ውስጥ የበቀለው ነው። በቁመት አድጓል፣ ግን ያደገው ያጠራቀመውን እያቃጠለ ስለሆነ ካርቦኑ ጋዝ ሆኖ ወጥቷል፣ የሚተካበት ብርሃን ደግሞ የለም።

"3 ለ 1 አውቃለሁ፣ ጥያቄው ግን ይሸውደኛል"

3 ለ 1 ማለት ሁለቱንም አሌል (የአንድ ጂን አማራጭ መልክ) የያዙ ወላጆች ሲዳቀሉ ዶሚናንቱ የሚታይባቸው ልጆች ሪሴሲቩ (የሚደበቀው) ከሚታይባቸው ሶስት እጥፍ ይጠበቃሉ ማለት ነው። የሚሸውደው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዶሚናንት ማለት "ጠንካራ" ወይም "ብዙ ሰው ላይ ያለ" ማለት ይመስለናል። የ ኦ የደም አይነት አሌል ለ ኤ እና ለ ቢ ሪሴሲቭ ነው፣ ኦ የሆነ ሰው ግን ዓለም ላይ ሞልቷል። ዶሚናንት የሚነግራችሁ ሁለቱ አሌሎች አንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ የትኛው እንደሚታይ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ፐኔት ስኩዌሩ (የወላጆች አሌሎች የሚጣመሩበት ሰንጠረዥ) አራት ሳጥን ስላለው አራት ልጅ የተሳለ ይመስላል። ለእያንዳንዱ ልጅ ግን እጣው ከሙሉ ሳጥኑ እንደ አዲስ ይጣላል። ሁለቱም ወላጆች የሪሴሲቭ በሽታ ተሸካሚ ሆነው 4 ልጅ ቢወልዱ "አንዱ የግድ ይታመማል" አይባልም፣ አንዳቸውም ላይታመሙ የሚችሉበት እድል ሶስት አራተኛን አራቴ ማባዛት ነው፣ 81 ከ256፣ ወደ 32 ፐርሰንት። የዘር ውርስን በአተር ያጠናው ሜንዴል ራሱ 5474 ክብና 1850 የተጨማደደ አተር ቆጥሮ ነው 2.96 ለ 1 ያገኘው፣ 3 የሚጠጋው ብዙ ሲቆጠር ነው፣ በአራት አተር ሞክሮት ቢሆን ምን ሊያገኝ እንደሚችል አስቡት።

ቶሎ ቶሎ የሚታለፉ

ዲኤንኤና አርኤንኤ ላይ ፊደል የሚምታታበት ሰው ከስር ያለውን ትእዛዝ አላነበበም፣ የተሰጠው ቴምፕሌቱ (ኤምአርኤንኤው የሚቀዳበት ገመድ) ነው ወይስ ሌላኛው ገመድ የሚለውን መጀመሪያ አስምሩበት። ቴምፕሌቱ ቲ ኤ ሲ ከሆነ ኤምአርኤንኤው ኤ ዩ ጂ ነው። ስሌት ከመጣ፦ 100 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን 300 ፊደል ይፈልጋል፣ ስቶፕ ኮዶኑን ("እዚህ ጋ አቁም" የሚሉትን ሶስት ፊደሎች) ስትጨምሩ 303። ባለ ሁለት ገመድ ዲኤንኤ ላይ አዴኒን 30 ፐርሰንት ከሆነ ሳይቶሲን 20 ነው፣ ኤና ቲ አብረው 60 ስለወሰዱ።

"ኢንዛይሙ ሞተ" ብሎ መጻፍ፦ ኢንዛይም ሴል አይደለም፣ አይሞትም፣ ቅርጹ ይበላሻል። ለዛም ነው የቀዘቀዘው ሲሞቅ ወደ ስራው የሚመለሰው፣ የተቀቀለው ግን የማይመለሰው።

"የቆዳ ሴል የቆዳ ጂን ብቻ አለው"፦ የለም፣ የኢንሱሊኑም ጂን አለው፣ እዛ ስለተዘጋ ነው የማይሰራው። የደም ቀይ ሴላችን ግን ሲበስል ኒውክለሱን ይጥላል፣ "ሁሉም ሴል" የሚል ምርጫ ሲመጣ እሱን አስታውሱ።

"ኢቮሉሽን ቀላል ነበር፣ ግን ዝቅተኛ ያመጣሁት እዛ ላይ ነው"

መልሳችሁ ውስጥ "ለመኖር ሲል"፣ "ስላስፈለገው"፣ "ራሱን ለመድኃኒቱ አለማመደ" የሚሉ ቃላት ፈልጉ። ካሉ ምክንያቱ ተገኝቷል፣ ባክቴሪያውን ሰው አድርጋችሁታል። ኤስተርና ጆሹዋ ሌደርበርግ በ1952 ቬልቬት ጨርቅ እንደ ማህተም ተጠቅመው የባክቴሪያ ኮሎኒዎችን ከአንድ ሳህን ወደ ሌሎች ሳህኖች በዛው አቀማመጥ ገለበጡ፣ መድኃኒት ያለባቸው ሳህኖች ላይ የተረፉት ኮሎኒዎች በየሳህኑ ላይ እዛው አንድ ቦታ ላይ ሆነው ተገኙ። የሚቋቋሙት መድኃኒቱን ሳያዩት በፊት ነበሩ ማለት ነው፣ መድኃኒቱ ሌሎቹን ጠረገና እነሱ ቀሩ።

ስለዚህ መልስ ስትጽፉ በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉት፦ ልዩነት ቀድሞ ነበረ፣ ልዩነቱ ይወረሳል፣ የተወሰኑት የበለጠ ተረፉና ወለዱ፣ በቀጣዩ ትውልድ የነሱ ድርሻ ጨመረ። የተለወጠው ፖፑሌሽኑ (ባክቴሪያዎቹ በጅምላ) ነው፣ አንዷ ባክቴሪያ እንደተወለደች ናት።

"መልሱን አውቀው ነበር ግን ሌላ ከበብኩ"

ግማሹ ጊዜ እውነት ነው፣ ግማሹ ራስን ማጽናኛ ነው። ለመለየት፦ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑና መልሱን መጀመሪያ ራሳችሁ ተናገሩት፣ ከዛ ክፈቱ። ሳትከፍቱ መናገር ካልቻላችሁ ችግሩ ያው የመጀመሪያው ነው፣ ወደ ባዶው ወረቀት ተመለሱ። ተናግራችሁ ከሳታችሁ ደግሞ "ስህተት የሆነው የቱ ነው"፣ "ከ... በስተቀር"፣ "ሁልጊዜ" የሚሉትን ሳታዩ አልፋችኋል፣ እነሱን ክበቡ።

የሳታችሁትን ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ብቻ ደብተር ላይ መገልበጥ ብዙም አይረዳም። የሳታችሁበትን ሀሳብ በራሳችሁ ቃል ጻፉት፣ "ክሮማቲዱን እንደ ክሮሞዞም ቆጠርኩ" ብላችሁ፣ ከዛ ከሶስት አራት ቀን በኋላ ቁጥሩን ቀይራችሁ፣ 8 የነበረውን 12 አድርጋችሁ፣ እንደገና ስሩት።