ኮከብ ለማየት ከመውጣታችሁ በፊት ትንበያውን እንዴት ታነቡታላችሁ?

ስልካችሁ «ዝናብ የለም» ስላለ ሰማዩ ጠርቷል ማለት አይደለም። ጠብታ ሳይጥል ደመና ሌሊቱን ሙሉ ሊጋርደው ይችላል። መታየት ያለበት የደመና ሽፋን ነው፤ እሱም በየሰዓቱ፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብሎ ተለይቶ። ዊንዲ፣ ሜቲዮብሉና ክሊር አውትሳይድ የተባሉት የአየር ትንበያ መተግበሪያዎች ሦስቱንም ለየብቻ ያሳያሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደው በከፍተኛው ደመና ነው፤ እንደ ነጠላ ስስ ስለሆነ ጨረቃና ደማቅ ኮከቦች ያልፉበታል፣ ፍኖተ ሐሊብ ግን አይታይም። ሦስቱም የደመና ደረጃዎች ከ20 በመቶ በታች ሲሆኑ መውጣት ያዋጣል።

ሰዓቱንም አጣሩ። አንዳንድ ሰንጠረዦችና የሳተላይት ምስሎች የሚሠሩት በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ነው፤ 18:00 ዩቲሲ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን ያልለየ ሰው የማታውን ደመና የከሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ቀን ላይ ከመሬቱ ሙቀት የሚነሳው ድቡልቡል ደመና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይበተናል። ነጎድጓድ ከነበረ ግን ከላይ የተዘረጋው ስስ ደመና ለሰዓታት ይቆያል።

በደጋ አገር ሌላም ችግር አለ። ጂኤፍኤስ የተባለው የአሜሪካ የትንበያ ሞዴል መረጃ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በ28 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ካሬዎች ነው። ስለዚህ ቦሌ (2,300 ሜትር ገደማ) እና እንጦጦ (ከ3,000 ሜትር በላይ) አንድ ካሬ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። የከተማውን ትንበያ ይዛችሁ ወደ ተራራው ከወጣችሁ ሙቀቱን 5 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ጂኤፍኤስን ከአውሮፓው ሞዴል ከኢሲኤምደብሊውኤፍ ጋር አስተያዩ፤ ካልተስማሙ ቀጣዩን የትንበያ እትም ጠብቁ።

የአየሩ ሙቀትና የጤዛ ነጥቡ (አየሩ እዚያ ድረስ ሲቀዘቅዝ ጤዛ የሚፈጠርበት ሙቀት) ልዩነት ከ3 ዲግሪ ካነሰ ለጤዛ ተዘጋጁ። ሌንስ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ከዲያሜትሩ አንድ ተኩል እጥፍ የሚረዝም የካርቶን ቱቦ ከፊቱ ብትገጥሙለት ጤዛውን ያዘገየዋል። የነፋሱ ግፊት በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ካለፈ ቴሌስኮፑ ይንቀጠቀጣል።

ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት የአውሮፓውን የአየር ሁኔታ ሳተላይት የሜቴዎሳትን የኢንፍራሬድ (በሙቀት ልዩነት የሚያሳይ) ምስል በተከታታይ አጫውቱና ደመናው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ሆኖም ዝቅተኛ ደመናና ጉም ሙቀታቸው ከመሬቱ ጋር ስለሚቀራረብ እዚያ ላይ አይለዩም። ለነሱ ለብቻው የሚዘጋጀውን የሌሊት ጉም ምስል ክፈቱ።