የትኛው የሊኑክስ ዲስትሮ በዊኪፔዲያ የራሱ መጣጥፍ ይገባዋል? እንዴት እንደሚለይ

ዲስትሮ ማለት በሊኑክስ ላይ ተመሥርቶ ከፕሮግራሞች ጋር ተጠቅልሎ የሚቀርብ ሥርዓተ ክወና ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን የኡቡንቱን አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) አውርዶ የጀርባ ምስሉንና አዶዎቹን ቀይሮ፣ አምስት ስድስት ፕሮግራም ጨምሮ በአዲስ ስም መልቀቅ የቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው። ኡቡንቱ በሚለው የንግድ ስም እስካልተጠቀሙ ድረስ የሚከለክል የለም። ዴቢያን በ1993 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተጀመረ ወዲህ ከእሱ፣ ከልጁ ከኡቡንቱ፣ ከፌዶራና ከአርች የተወለዱት ዲስትሮዎች በመቶዎች የሚቆጠሩትም ለዚህ ነው። ሁሉም መጣጥፍ ሊኖራቸው አይችልም።

ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከዲስትሮው ምንም ጥቅም የሌላቸው፣ አርታኢ ባለበት ቦታ የሚጽፉ ሰዎች ስለ እሱ በሰፊው ጽፈዋል ወይ? ጥሩ መሆኑ፣ ፈጣን መሆኑ፣ ብዙ ተጠቃሚ ያለው መሆኑ ለብቻው አይቆጠርም።

1. እናቱን ይወቁ

ዲስትሮውን በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተርዎ ውስጥ በሶፍትዌር በሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ያስነሱና ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ኦኤስ-ሪሊዝ ፋይል ይክፈቱ። "አይዲ ላይክ" የሚለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ የእናቱን ስም ይናገራል። የሚሞላው ግን ዲስትሮውን የሠራው ሰው ስለሆነ አንዳንዴ ይጎድላል። ስለዚህ ፓኬጆቹ (የፕሮግራም ጥቅሎቹ) ከየትኛው ማከማቻ እንደሚወርዱም ይመልከቱ። ኢንደቨርኦኤስ በአብዛኛው ከራሱ ከአርች ማከማቻ ያወርዳል፤ ከላይ የራሱን ትንሽ ማከማቻ ብቻ ይጨምራል። ማንጃሮ ግን የአርችን ፓኬጆች ወደ ራሱ ማከማቻ ወስዶ፣ ለተወሰነ ጊዜ አቆይቶ ነው የሚለቀው። ሁለቱም የአርች ልጆች ናቸው፤ ከእናታቸው ያላቸው ርቀት ግን ይለያያል።

ይህ መረጃ የሚጠቅመው በኋላ የት እንደሚጻፍ ለመወሰን ነው። መጣጥፍ ይገባዋል አይገባውም የሚለውን አይመልስም፤ ቴክኒኩን የሚያውቁ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። "የራሱ የፓኬጅ ማኔጀር አለው፣ እንዴት አይገባውም?" ይላሉ። ሮኪ ሊኑክስንና አልማሊኑክስን ይውሰዱ። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ በታኅሣሥ 2020 ሴንትኦኤስ 8 ለተባለው ነፃ ዲስትሮ የሚሰጠው ድጋፍ በ2021 መጨረሻ እንደሚቋረጥ ሲያስታውቅ ክፍተቱን ለመሙላት የተነሱ ናቸው፤ ሲጀመሩ ዓላማቸው የኩባንያው ዋና ዲስትሮ ከሆነው ከሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ አለመለየት ነበር። ስለ ሁለቱም የቴክኖሎጂ ጋዜጠኞች በሰፊው ጽፈዋል፤ ስለዚህ ለሁለቱም መጣጥፍ ይገባል። በተቃራኒው ሁሉን ነገር ከባዶ የሠራ፣ ማንም ግን ያልጻፈለት ዲስትሮ አይገባውም። ያሳዝናል፤ ግን ስለ እሱ የምንጽፈው ከራሱ ማስታወቂያ ሌላ ከየት ይመጣል?

2. ምንጭ ይሰብስቡ

ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው "ሊኑክስ" የሚለውን ይጨምሩና የዲስትሮውን የራሱን ድረ ገጽ በመቀነስ ምልክት ያስወጡ። ፔፐርሚንትን በደፈናው የፈለገ ሰው የሚያገኘው ከረሜላና የናና ዘይት ነው። ስሙን የቀየረ ወይም የሌላ ምትክ ሆኖ የመጣ ከሆነ የድሮውንም ስም ይፈልጉ፦ ካሊ በ2013 ከመምጣቱ በፊት ባክትራክ ነበር። የቴክኖሎጂ ድረ ገጾችና መጽሔቶች የሆኑት ኤልደብሊውኤን፣ ዘ ሬጂስተር፣ አርስ ቴክኒካ፣ ሊኑክስ ማጋዚንና ሊኑክስ ፎርማት ውስጥ ለየብቻ ገብተው መፈለግ ከጎግል የመጀመሪያ ገጽ የተሻለ ውጤት አለው። ምንጩ እንግሊዝኛ መሆን የለበትም። የክላውስ ክኖፐር ክኖፒክስ የጀርመን ልጅ ስለሆነ ስለ እሱ የጀርመን መጽሔቶችን አለማየት ግማሹን መተው ነው።

3. ምንጩን ይመዝኑ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜዎን ሁሉ እዚህ ያጥፉ።

መጀመሪያ በቀላሉ የሚወድቁትን ይጣሉ። የዲስትሮው ብሎግና ፎረም፣ የሬዲት ውይይት፣ የግለሰብ የዩቲዩብ ግምገማ፣ "ለጀማሪ የሚሆኑ 10 ዲስትሮዎች" ዓይነት ዝርዝር፣ ከዊኪፔዲያ ተቀድቶ ሌላ ቦታ የተለጠፈ ጽሑፍ። ከሠሪው ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅም ቢሆን መልሶቹ የሠሪው ቃል ናቸው፤ ጠያቂው ራሱ የመረመረው ነገር ከሌለበት አይቆጠርም። ፎርብስ ላይ የወጣ ጽሑፍ ካገኙ የጸሐፊውን ማዕረግ ይመልከቱ፦ "ኮንትሪቢዩተር" ካለ የመጽሔቱ አርታኢዎች ያዩት ሥራ ነው ብለው አይቁጠሩት። ጥናታዊ ጽሑፎች ውስጥ "ሙከራውን በካሊ ላይ አካሄድን" የሚል መስመር በብዛት ይገኛል፤ ስሙ ተጠራ እንጂ ስለ እሱ የተባለ ነገር የለም።

ዲስትሮዎችን የሚዘረዝረው ዲስትሮዋች የተባለው ድረ ገጽ ለብቻው ይነሳ። ጀማሪ አዘጋጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያቀርበው ማስረጃ የዲስትሮዋችን ደረጃ ነው። ደረጃው የሚቆጥረው ግን በዚያው ድረ ገጽ ላይ የዲስትሮው ገጽ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ነው፤ ድረ ገጹም ራሱ ይህ የተጠቃሚ ብዛት መለኪያ እንዳልሆነ ይናገራል። ኤምኤክስ ሊኑክስ ከኡቡንቱ በላይ ለዓመታት ተቀምጧል፤ ከኡቡንቱ ይልቅ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል የሚል ግን የለም። እዚያ መመዝገብም እንደ ስልክ ማውጫ ነው፣ መኖሩን ብቻ ያሳያል።

የተጠቃሚ ብዛት አለመቆጠሩን የሚጠራጠር ሰው የሰሜን ኮሪያውን ሬድ ስታር ኦኤስ ያስብ። ከአገሩ ውጭ የሚገለገልበት የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በታኅሣሥ 2015 ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ውስጡን ፈትሸው፣ በፍላሽ የሚዘዋወሩ ፋይሎች ላይ የኮምፒውተሩን መለያ በድብቅ እንደሚያትም አሳዩ፤ ዓለም አቀፍ ጋዜጦችም ዘገቡት። ማንም ያልተከፈለበት ጥልቅ ምርመራ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

አሁን የተረፉትን ግምገማዎች አትመው እስክሪብቶ ይያዙ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ያንብቡና ስለ ማን እንደሚናገር ይጠይቁ። "አዲሱ ስሪት ከርነል 6.1 ይዞ መጥቷል" ከዲስትሮው መግለጫ የተቀዳ ነው፣ ይሰርዙ። "ዋይፋዩን ያለ ችግር አገኘው" የእናቱ የኡቡንቱ ሥራ ነው፣ ይሰርዙ። "አጫጫኑ ቀላል ነው" ካላማሬስን የመሰለ ደርዘን ዲስትሮዎች የሚጋሩት ኢንስቶለር ከሆነ ይሰርዙ። "ዴስክቶፑ ያምራል" ብዙ ዲስትሮዎች የሚጋሩት ኬዲኢ ወይም ኤክስኤፍሲኢ ከሆነ ይሰርዙ። "የራሱ ማዘመኛ ዲስክ ሲሞላ ሳያስጠነቅቅ ይቆማል፣ ይህም ለጀማሪ አደገኛ ነው"፤ ይህ ይቆይ። ገምጋሚው ራሱ ያየው ነው፣ የሚናገረውም ስለዚህ ዲስትሮ ብቻ ነው።

ሦስት ገጽ ግምገማ በዚህ መንገድ ወደ ሁለት መስመር ሲወርድ ማየት የተለመደ ነው። ከስረዛው በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ አንቀጽ ካልተረፈ ምንጩን አይቁጠሩት። ሊኑክስ ሚንት ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋል፤ ሲናመን የተባለው ዴስክቶፕ የራሱ ስለሆነ ስለ እሱ የተጻፈው ሁሉ አይሰረዝም። ዴቩአንም እንዲሁ፦ በ2014 ከዴቢያን የተለየው ሲስተምዲ በተባለው ሥርዓቱን በሚያስነሳ ፕሮግራም ላይ በተነሳ ጠብ ምክንያት ነው፣ ስለ ጠቡም ብዙ ተጽፏል።

ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት የተለያየ ቤት ምንጭ ያስፈልጋል። አንድ መጽሔት አራት ጊዜ ቢጽፍ እንደ አንድ ነው የሚታየው። ፖፕ ኦኤስን እንደሚያወጣው ሲስተም76 ያለ ኩባንያ ከጀርባ ካለ ሚዛኑ ጠበቅ ይላል፤ የላፕቶፕ ግምገማ ውስጥ "ከፖፕ ኦኤስ ጋር ይመጣል" የሚል መስመር ምንም አይመዝንም።

4. ጊዜውን ያስተውሉ

ዲስትሮው ስለሞተ መጣጥፉ አይሰረዝም። ክራንችባንግ በ2015፣ አንተርጎስ በ2019 ቆመዋል፤ አንዴ በደንብ የተጻፈላቸው ስለሆኑ ይበቃል። ምንጮቹ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ የወጡለት አዲስ ዲስትሮ ግን ስድስት ወር ይጠብቅ።

5. የት እንደሚጻፍ ይወስኑ

ምርጫው መጣጥፍ ወይም ምንም አይደለም። ምንጩ አንድ ጠንካራ ብቻ ከሆነ በእናቱ መጣጥፍ ውስጥ ሁለት ሦስት መስመር ይጻፉለትና ስሙን ወደዚያ የሚወስድ መምሪያ መንገድ ይፍጠሩ። በእናቱ ፕሮጀክት እውቅና ያላቸው እንደ ኩቡንቱና ሉቡንቱ ያሉት ምንጭ ቢያጡ እንኳ በኡቡንቱ መጣጥፍ ውስጥ ተፈጥሯዊ ቦታ አላቸው። እናቱ ራሷ ያልታወቀች ከሆነች ደግሞ ወደ አያቱ ይሂዱ። በአማርኛው ዊኪፔዲያ የሚጽፉ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፦ ስለ ዴቢያን ወይም ስለ ኡቡንቱ የረባ መጣጥፍ ሳይኖር ስለ ልጅ ልጃቸው መጻፍ አንባቢን ሜዳ ላይ ይጥላል። የእንግሊዝኛው ላይ መኖሩም ማስረጃ አይደለም፤ ምንጮቹን ራስዎ ይመዝኑ።

6. ቢከራከሩብዎ

በእንግሊዝኛው የስረዛ ውይይት ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል፤ ውሳኔውም በድምፅ ቆጠራ አይደለም። ስለዚህ የዲስትሮው ፎረም ላይ "ድረሱልን" ብሎ መለጠፍ የመጨረሻው ስህተት ነው። ሃያ አዲስ አካውንት "ጥሩ ዲስትሮ ነው፣ ይቆይ" ሲል ነገሩ የተበላሸ መስሎ ይታያል፣ ጥሩ ምንጭ ያለው ዲስትሮ እንኳ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ይልቅ ሦስቱን ምንጮች፣ ከእያንዳንዱ ደግሞ ስለ ዲስትሮው ብቻ የሚናገረውን አንቀጽ ያቅርቡ። ከሠሪዎቹ አንዱ ከሆኑ ይህንኑ በግልጽ ይናገሩና መጣጥፉን ራስዎ አይፍጠሩ፤ ረቂቅ አስገብተው ሌላ ሰው ይየው።

ከተሰረዘ ጽሑፉን ወደ ረቂቅ እንዲመልስልዎ አስተዳዳሪ ይጠይቁ። ለስድስት ወር ያልተነካ ረቂቅ ስለሚጠፋ አዲስ ግምገማ በወጣ ቁጥር እየገቡ ይጨምሩበት፣ ቅጂውንም ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡ።