ፎገርና ሌሎች የቤት ውስጥ ፀረ ተባዮችን ስንጠቀም የምንፈጽማቸው ስህተቶች

በተባይ ማጥፋት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ወደ አንድ ቤት ሲጠራ አስቀድሞ የሚያየው ተባዩን ሳይሆን የቤቱ ሰዎች ከእርሱ በፊት የሞከሩትን ነው። ከአልጋ ሥር የተንከባለለ ባዶ ቆርቆሮ፣ በግድግዳው ግርጌ ተከምሮ የደረቀ ዱቄት፣ ጽሑፉ የተላጠ ጠርሙስ፣ ሁሉም ምን እንደተደረገና ለምን እንዳልሠራ ይናገራሉ። ከዚህ በታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች ቅደም ተከተላቸው በአደጋቸው ክብደት አይደለም፤ በብዛት ከሚያጋጥመኝ ጀምሬአለሁ፣ ከሁሉ የከፋው ግን መሐል ላይ ይገኛል።

ጉሙ የማይገባበት ቦታ የለም ብሎ ማመን

ፎገር አንዴ ጫፉ ከተጫነ በኋላ ይዘቱን እስከ መጨረሻው በራሱ የሚለቅ፣ ክፍሉንም በጉም የሚሞላ ቆርቆሮ ነው። ሰው የሚወደውም ስለማያደክም ነው፤ ተጭኖ፣ በር ተዘግቶ፣ ይወጣል። ከቆርቆሮው የሚወጡት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ወደ ላይ ይወረወሩና አየር ላይ ጥቂት ተንሳፈው ይወርዳሉ፤ የሚያርፉትም ፊታቸው ወደ ጣሪያ በዞረ ነገሮች ላይ ነው፤ በወለል፣ በጠረጴዛ፣ በአልጋ ልብስና በምድጃ ላይ። የጀርመን በረሮ የሚባለው ትንሹ የወጥ ቤት በረሮ ግን አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ጀርባውና ሆዱ ሁለቱን ወገን በሚነኩበት፣ ስፋቱ ከጥቂት ሚሊሜትር በማያልፍ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ትኋንም በፍራሽ ስፌት፣ በአልጋ ቡሎን ቀዳዳና በግድግዳ ልባጥ ሥር ተሸጉጦ ይውላል። ጉሙ እነዚህ ቦታዎች ድረስ ዘልቆ የሚገባበት ኃይል የለውም።

አንዲት እናት በጠባብ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ፎገር ለኩሰው፣ በማግሥቱ ወለሉን ሲጠርጉ ያገኙትን የሞተ በረሮ በኩራት አሳዩኝ። ጠረጴዛውን በጣቴ ስነካው ዘይት የተቀባ ይመስል ያዳልጥ ነበር። ከዚያም የማቀዝቀዣውን የጀርባ ክዳን ፈትቼ በሞተሩ ሙቀት አጠገብ መብራት ባበራ፣ ከትልልቆቹ እስከ ነጥብ የሚያህሉት ጫጩቶች ድረስ ተደራርበው ቁጭ ብለዋል፤ መብራቱ ሲያርፍባቸው እንደ ፈሰሰ ጥቁር ውኃ ወደ ጎማው ሥር ገቡ። መርዙ ልጆቻቸው በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ሆኖ በረሮው በሰላም ይኖር ነበር። ይህንን ነው አንድ ሺህ ጊዜ ብናገረው የማይሰለቸኝ፦ ፎገር መርዙን የሚያስቀምጠው ሰው በሚነካው ቦታ ነው፤ ተባዩ በሚኖርበት ቦታ አይደለም።

ይህ የእኔ ብቻ ምስክርነት አይደለም። በ2012 በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ገበያ ላይ ያሉ ፎገሮችን በትኋን ላይ ሞክረው ለተሸሸጉት ትኋኖች ምንም ያህል እንደማይፈይዱ አሳይተዋል። በ2019 ደግሞ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእውነተኛ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ባደረጉት ጥናት ፎገሩ የበረሮውን ቁጥር ሳይቀንስ በወለልና በጠረጴዛ ላይ ያለውን የመርዝ ቅሪት እንደጨመረ፣ ማባበያ ጄል የተጠቀሙት ቤቶች ግን በረሮው በእጅጉ እንደቀነሰላቸው አረጋግጠዋል። በተጨማሪም በፎገር ውስጥ ያሉት ፓይረትሮይድ የተባሉት መርዞች ተባዩን የማሸሽ ጠባይ ስላላቸው፣ ያልሞተው ወደ ግድግዳው ጥልቅ ይገባል ወይም ወደ ጎረቤት ይሄዳል። መኝታ ቤት ውስጥ በረሮ ታይቶ የማያውቅባቸው ቤቶች ወጥ ቤታቸው በጉም ከታጠነ በኋላ በረሮው አልጋ ሥር መታየት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ቆርቆሮ ካልበቃ ሁለት፣ ሁለት ካልበቃ አራት

ቆርቆሮው ለምን ያህል ክፍል እንደሚበቃ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ጋር ለማስተያየት የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ማባዛት ማንንም አያደክምም። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ ነው፤ ብዙዎቹ ቆርቆሮዎች ለዚህ መጠን አንዱ ከበቂ በላይ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በመታጠቢያ ገንዳ ሥር ባለው መደርደሪያ ወይም በጠረጴዛ ሥር መለኮስ ደግሞ ጨርሶ የተከለከለ ነው።

ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉሙን ከቆርቆሮው የሚገፋው ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ቡቴንና ፕሮፔን፣ ማለትም ለማብሰያ የምንጠቀምበት ጋዝ ነው። ቡቴን አየር ውስጥ መጠኑ ወደ 2 ከመቶ ሲጠጋ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። በጋዝ ምድጃና በውኃ ማሞቂያ ውስጥ ዘወትር የምትነደው ትንሽ ነበልባል፣ ማቀዝቀዣው ራሱን ሲያበራ የሚፈጥረው ብልጭታ፣ በጨለማ ውስጥ የሚጫን የመብራት ማብሪያ፣ ሁሉም በቂ ናቸው። መስኮትና በር ከነክፈፉ የተገነጠለባቸው ቤቶች ታሪክ የሚጀምረው ሁልጊዜ «ለጥንቃቄ ብዬ ጨመርኩ» በሚል ቃል ነው። በአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል በ2008 ባወጣው ሪፖርት በስምንት ግዛቶች ከ2001 እስከ 2006 ድረስ ከፎገር ጋር የተያያዙ 466 የሕመምና የጉዳት አጋጣሚዎች ተመዝግበው ነበር፤ ከቤት ሳይወጡ መቅረትና ቶሎ መመለስ ከተደጋገሙት ምክንያቶች መካከል ናቸው።

ቶሎ መመለስ

ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሰዓት የሚቆጠረው ከቤት ለመውጣት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በርና መስኮት ከፍቶ ማናፈስ የራሱ ጊዜ አለው። ዓሣ ያለው ሰው ገንዳውን ይዞ ይውጣ፤ ፓይረትሮይድ ዓሣን በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል። ድመት ያለው ሰውም ከፓይረትሮይዶች አንዱ የሆነውን ፐርሜትሪን የሚለው ቃል ያለበትን ነገር ከድመቱ ያርቅ፤ የድመት ጉበት ይህንን መርዝ እንደ ውሻ ጉበት መሰባበር አይችልም፣ ለውሻ ቁንጫ የተዘጋጀውን የቀቡላቸው ድመቶችም እየተንቀጠቀጡ ሊሞቱ ይችላሉ።

የነቀዝ ክኒን መኝታ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን የተሠራው ሰው በማያድርበት፣ በታሸገ የእህል ጎተራ ውስጥ ነቀዝን ለማጥፋት ነው። ክኒኑ በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ የሚገድለውም ክኒኑ ሳይሆን ይህ ጋዝ ነው። «ትኋኑን አንድ ሌሊት ይጨርሰዋል» ብሎ ለሰው የሚያካፍል ጎረቤት፣ ያለ ማሸጊያ በወረቀት ጠቅልሎ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ከፍራሽ ሥር ሦስቱን አስቀምጦ በሚቀጥለው ክፍል ልጆቹን የሚያስተኛ አባት፣ አንዳቸውም የሚያደርጉትን አያውቁም።

ሒሳቡን እንሥራው። ሦስት ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን አንድ ግራም ፎስፊን ይለቃል። ይህ ጋዝ ከላይ በጠቀስኩት 40 ሜትር ኩብ ክፍል ውስጥ ቢከማች፣ በአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ ከ17 እጅ በላይ ይሆናል። በአሜሪካ አንድ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ውስጥ በአማካይ እንዲተነፍሰው የሚፈቀደው 0.3 እጅ ብቻ ነው። ሦስት ክኒን ሲሆን መጠኑ ከ50 ያልፋል፤ 50 ደግሞ ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ተብሎ የተመዘገበው ልክ ነው። ጋዙ በበር ሥር፣ በጣሪያ ክፍተትና በኤሌክትሪክ ቱቦ ወደ ጎረቤት ክፍል ይሻገራል፤ ክኒኑን ያላስቀመጡ፣ መኖሩንም ያልሰሙ ሰዎች ተኝተው የሚቀሩት በዚህ መንገድ ነው። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለው ሽታ የሚመጣው በአብዛኛው ከጋዙ ጋር ከሚቀላቀሉ ሌሎች ነገሮች ነው፤ ስለዚህ ሽታ አለመኖሩ ጋዝ አለመኖሩን አያሳይም። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የደረት መጨነቅ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ የምግብ መመረዝ ተደርገው ይታለፋሉ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ክኒኑ ተቀምጦ የተገኘ እንደሆነ ውኃ ማፍሰስ ጋዙን በአንድ ጊዜ ከማስለቀቅ አልፎ ሊያቀጣጥለው ይችላል፤ ሰውን ሁሉ አስወጥቶ፣ ወደ ውስጥ ሳይመለሱ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራትና የታመመውን ሐኪም ቤት ወስዶ የክኒኑን ስም መናገር ያስፈልጋል።

ለእርሻ የተዘጋጀ ፈሳሽ መርዝን በውኃ ወይም በነጭ ጋዝ በጥብጦ ቤት ውስጥ መርጨትም የዚሁ ድፍረት ታናሽ ወንድም ነው።

መርዝን በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ

ልጅ ጠጥቶት ሐኪም ቤት የሚደርሰው ይህ ነው። አታድርጉት።

ማባበያ አስቀምጦ በላዩ ላይ መርጨት

ማባበያ ጄል የሚሠራው በረሮው ወዶ ሲበላው ብቻ ነው። በልቶ ወደ መደበቂያው ይመለሳል፣ እዚያ ይሞታል፤ ከመሞቱ በፊት የሚጥለውን ኩስ ጫጩቶቹ ይበሉና እነርሱም ይሞታሉ፣ ስለዚህ መርዙ እጃችን የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ራሱ ገብቶ ይሠራል። ጄሉ ባለበት አካባቢ ፍሊት የነፋ ሰው ግን ምግቡን አበላሽቷል፤ በረሮው ሽታውን ሸሽቶ አይቀርበውም፣ ባለቤቱም ጄሉ አይሠራም ብሎ ይደመድማል። ጄል በምስር ፍሬ መጠን ጠብታ፣ በብዙ ቦታ፣ በማጠፊያ ብረቶችና በመሳቢያ ማዕዘን ይቀመጣል፤ አንድ ቦታ ላይ እንደ ቅቤ አይለጠፍም። ሌሊት ወለሉ ላይ የፈሰሰ ዘይትና ያልታጠበ ሳህን ካለ ደግሞ በረሮው የተሻለ ራት አግኝቷልና ወደ ጄሉ አይመጣም።

የጉንዳን ሰልፍ ላይ መርጨትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ የሚሞቱት ተሸካሚዎቹ ሲሆኑ እንቁላል የምትጥለው ንግሥት ጎጆዋ ውስጥ ትቀራለች፤ አንዳንድ ዓይነቶችማ ሲነኩ ጎጆአቸውን ከፋፍለው ብዙ ቦታ ይሰፍራሉ።

ዱቄትን መከመር

ቦሪክ አሲድም ሆነ ሌላ ፀረ ተባይ ዱቄት በዓይን እምብዛም በማይታይ ስስ ልባስ መነፋት አለበት። ክምር ሲያጋጥመው በረሮ ዞሮት ያልፋል፤ የሚዳኸው ሕፃን ግን አይዞረውም።

የልብስ ጠረን ክኒን በየቦታው መበተን

ናፍታሊን ያለበት ነጭ ክኒን የተሠራው በጥብቅ በተከደነ ሳጥን ውስጥ ብልን ለመከላከል ነው። በክፍት ክፍል ውስጥ በረሮን አያባርርም፣ እባብንም አያባርርም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው እንዲተነፍሰው ነው። የጂ ሲክስ ፒ ዲ ኢንዛይም እጥረት ይዘው የተወለዱ ሕፃናት በናፍታሊን ጠረን በተሞላ ብርድ ልብስ ሲጠቀለሉ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል። ልጅ መኖሩ ብቻ ይህንን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ አክሞ መጨረስ

ጀማሪዎችን የማዝንላቸው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም፣ ማንም ስለ እንቁላሉ አልነገራቸውም። የጀርመን በረሮ እናት ከ30 እስከ 40 የሚደርስ እንቁላል የያዘ ከረጢት ጅራቷ ላይ ተሸክማ ትዞራለች፤ መርዙ ከረጢቱን አያልፍም። የትኋን እንቁላል ደግሞ በአብዛኛው ከስድስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ ዛሬ የተረጨው መድኃኒት ትልልቆቹን ቢጨርስም በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት አዲስ ትውልድ ይወጣል፤ ይህም እንደገና እንቁላል ለመጣል ሳይደርስ በሁለተኛ ዙር መመታት አለበት። ቁንጫ ከዚህ ይብሳል፣ ምክንያቱም በድጉ፣ ማለትም ሙሉ ቁንጫ ሆኖ ከመውጣቱ በፊት በሚሸፈንበት ከረጢት ውስጥ ሳለ መርዝ አይነካውም፤ የሰው ርምጃ ሲሰማው ዘልሎ ይወጣል፣ ወለሉን አዘውትሮ መጥረግና የቫኪዩም መጥረጊያ መጠቀም የሚረዳውም ቀስቅሶ ስለሚያወጣው ነው።

መድኃኒቱ ሳይሠራ ሲቀር ያንኑ መድኃኒት በእጥፍ መርጨት ደግሞ የባሰ ነው። ዲ ዲ ቲ ተባይ ገዳይነቱ በ1939 ከተገኘ በኋላ ትኋንን ያጠፋው መስሎ ነበር፤ በ1947 ግን በሃዋይ የማይሞቱ ትኋኖች ታዩ። ፓይረትሮይዶች የሚመቱት ዲ ዲ ቲ የሚመታውን ያንኑ የነርቭ በር ስለሆነ፣ አንዱን የቻለ ትኋን ብዙውን ጊዜ ሌላውንም ይችለዋል። ትኋን የማይችለው ሙቀትን ነው፤ የማይበላሸውን ልብስና አንሶላ በከፍተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ ቢያንስ ለሠላሳ ደቂቃ ማቆየት፣ የፍራሹን ስፌት ቀስ ብሎ በሚንቀሳቀስ የእንፋሎት ማሽን መሄድ ከማንኛውም ቆርቆሮ ይበልጣል። በፀሐይ ማስጣት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ፍራሹ ከላይ ሲሞቅ ትኋኑ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ይዞራል።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ በአልጋ እግሮች ሥር የትኋን መያዣ ሳህን፣ በማቀዝቀዣና በምድጃ ጀርባ ደግሞ የሚያጣብቅ ወጥመድ አስቀምጦ በየሳምንቱ መቁጠር ይገባል። ወጥመዱ ላይ የተገኙት ጫጩቶች ከሆኑ በአቅራቢያው የቀረ ጎጆ አለ ማለት ነውና ጄሉ ወደዚያው ይጨመራል፤ ባዶ ወጥመድ ከታየ በኋላም ለተጨማሪ ሁለት ወር ከቦታው መነሳት የለበትም።