ጨው «ጠፋ» ላሉኝ ልጆች

የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ «ጠፋ» ይሉኝ ነበር። ሟሚ፣ አሟሚ እያልኩ ሰሌዳ ላይ ብጽፍም ደብተራቸው ላይ ገለበጡት እንጂ አላመኑኝም።

የፈታልኝ የኩሽና ሚዛን ነው። የብርጭቆውን ክብደት ቀንሰን 200 ግራም ውሃ፣ ለብቻው ደግሞ 20 ግራም ጨው መዘንን። ጨውን ጨምረን ጠብታ እንዳይፈስ ተጠንቅቀን አማሰልነው። ዋናው ነገር፣ መልሰን ከመመዘናችን በፊት እያንዳንዱ ግምቱን እንዲጽፍ ማድረጌ ነው፤ አብዛኞቹ 200 ብለው ነበር። ሚዛኑ 220 ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ ጥቂቱን በንጹሕ ዝርግ ሳህን አድርገን ፀሐይ ላይ ተውነው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ነጭ ቅርፊት ቀረ። አንዷ አስፈቅዳኝ በጣቷ ቀመሰችና «ቲቸር፣ ያው ጨዋችን ነው!» አለች።