የዓሣ ፎቶዬን ያበላሸው ነጭ ነጥብ

ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ቢሾፍቱ ተመላለስኩ። ባቦጋያ ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ (ቲላፒያ) በገዛ ቤቱ ፎቶ ላነሳው። ያገኘሁት ግን በነጭ ነጥብ የተሞላ ምስል ብቻ ነበር። ዓሣው ላይ በረዶ የሚዘንብ ይመስላል።

መጀመሪያ ሌንሱ የቆሸሸ መስሎኝ ወለወልኩት። ለውጥ የለም። ጥፋቱ የፍላሹ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ውሃው ውስጥ አልጌና ደቃቅ አፈር ይንሳፈፋል። ፍላሹ ሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ እያንዳንዷን ብናኝ መትቶ በቀጥታ ወደ ካሜራው ይመለሳል።

አጠፋሁት። ፀሐይ ከፍ እስክትል ጠብቄ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ማንሳት ጀመርኩ። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 400 ላይ አደረግኩ። ዋናው ነገር ግን መቅረብ ነው። በእኔና በዓሣው መካከል ያለው ውሃ ሲያንስ ብናኙም ያንሳል። ዙም ይህን አይተካም። በሰፊ ሌንስ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ተጠጋሁ።

እንዴት ይጠጉታል ትሉ ይሆናል። ከተከታተላችሁት ይሸሻል። ወንዱ ቆሮሶ ግን በመራቢያ ጊዜው ጥልቀት በሌለው ቦታ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ቆፍሮ ይጠብቃል። ቢሸሽም ይመለሳል። እግሬን ሳላወራጭ፣ ጭቃውን ሳልነካ፣ በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) እየተነፈስኩ ጠበቅኩት። 20 ደቂቃ ያህል። መጣ! ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ውሃው ፎቶው ላይ የሚጥለው አረንጓዴ ድባብ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ነጭ ሰሃን ውሃ ውስጥ ይዤ ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ የሚያሳይበትን ቅንብር፣ አስተካከልኩ። የቀረውን ተውኩት፤ የሐይቁ መልክ ነው።