እጅ ሲያታልል፦ የክንድ ነርቭ ጉዳትን ከጣቶች ድክመት መለየት

ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ አንድ ወጣት አናጺ ከመወጣጫ ወድቆ፣ የላይኛው የክንዱ አጥንት ተሰብሮ መጣ። እጁ ከአንጓው ተንጠልጥሏል። ጣቶቹን ማራራቅም አቃተው። በካርዱ ላይ «ራዲያልና አልናር ነርቮች ተጎድተዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ራዲያል አንጓንና ጣቶችን የሚያነሳ፣ አልናር ደግሞ ጣቶችን የሚያራርቅ ነርቭ ነው። አለቃዬ ምንም ሳይናገሩ መዳፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አሳረፉና «እስኪ አሁን አራርቅ» አሉት። ተራራቁ። አልናሩ ጤነኛ ነበር፤ ለካ አንጓ ተንጠልጥሎ ሳለ ጣት አራራቂ ጡንቻዎች ጉልበት የላቸውም። ያን መስመር የሰረዝኩበት እስክሪብቶ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ወደ ምርመራው ከመግባታችሁ በፊት፣ ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው ክንድ ከሆነ ጣቶቹን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ዘርጓቸው። በሽተኛው በሕመም ከጮኸ ነርቭ መቁጠሩን ተዉት፤ እስሩን ፈታችሁ ሳትዘገዩ ወደ ቀዶ ሐኪም ላኩት።

ከራዲያል ልጀምር። አንጓው ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ጉዳቱ ከክርን በላይ ነው። አንጓው ወደ አውራ ጣት በኩል እያዘነበለ ተነስቶ ጣቶቹ ካልተዘረጉ ግን፣ የተጎዳው በክንድ ውስጥ የሚያልፈው የኋላው ቅርንጫፍ ነው፤ የቆዳው ስሜትም አይጠፋም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጣት ጫፎችን የመዳፍ ትንንሽ ጡንቻዎችም ስለሚዘረጓቸው፣ ዓይናችሁን ጣቱ ከመዳፍ ከሚጋጠምበት ጉልህ መገጣጠሚያ ላይ አትንቀሉ።

ሦስተኛውን የእጅ ነርቭ፣ ሚዲያንን ለመፈተን፣ በሽተኛው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫፍ ክብ ቀለበት ይሥራ። ጫፎቹ ሳይታጠፉ ጠፍጣፋ ሆነው ከተጣበቁ የፊተኛው ቅርንጫፍ ተጎድቷል፤ ይህም ስሜት አያጠፋም። አንጓው ላይ በመስታወት ለተቆረጠ ሰው ግን ቀለበቱ ደህና ሊሠራ ይችላል። መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አውራ ጣቱን ወደ ጣሪያ ያንሳ፤ እናንተ ወደ ታች እየተጫናችሁ በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ መጠንከሩን ዳብሱ።

አልናርን የምፈትነው በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ነው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጎን መካከል ያዝ እለውና እስባለሁ። የአውራ ጣቱ ጫፍ ከታጠፈ፣ የደከመውን ጡንቻ ሥራ ሚዲያን ተበድሮ እየሠራለት ነው። ፈረንሳዊው ፍሮማን በ1915 የገለጸው ምልክት ይህ ነው። የቀለበት ጣትና የማርያም ጣት መቆልመም ደግሞ ጉድ ያሰኛል፤ ጉዳቱ አንጓ ላይ ሲሆን ይብሳል፣ ክርን ላይ ሲሆን ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ጫፎቹን የሚያጥፈው ጡንቻም አብሮ ይሽባል። ቁስል ከሌለ ከክርን ጀርባ ዳብሱ። እንደ ገመድ የወፈረ ነርቭ ካገኛችሁ ቆዳው ላይ ስሜት የሌለው ንጣት ፈልጉ፤ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል።

የተቆረጠው ጅማት ቢሆንስ? አንጓውን ራሳችሁ ወደ ኋላ ስታጥፉት ጣቶቹ በራሳቸው ከተቆለመሙ አጣፊ ጅማቶቹ አሉ ማለት ነው።

ክፍት ቁስል ያለበትን ሳትጠብቁ ለቀዶ ጥገና ላኩ። ለተዘጋ ጉዳት ግን ከጉዳቱ ቦታ እስከ መጀመሪያው የደከመ ጡንቻ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩና ከቀኑ ጋር ካርዱ ላይ ጻፉት። ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ 90 ሚሊ ሜትር ከሆነ የዚያን ጡንቻ እንቅስቃሴ የምትፈልጉት ከ3 ወር በኋላ ነው።